የተፈጠረውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የቆየውንም ቁጠሩልን
ከሰሜን ሸዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ሥራና ሥልጠና ቢሮ
ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት
ግልባጭ፦ ለሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳደር፣ ለደብረ ብርሃን ከተማ አስተዳደር፣ እንዲሁም ለዞኑ ነዋሪ በሙሉ

ጉዳዩ፦ በሰሜን ሸዋ በየዘርፉ ያለው የሠራተኛ ብዛትና ደመወዝ እስከ 2004 ዓ.ም. ወደ ኋላ ተጠናቅሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲታተም ስለመጠየቅ

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሰሜን ሸዋ በየዘርፉ ስንት ሰው ተቀጥሮ እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ይህም ከዓመት ዓመት ወዴት እንደሄደ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በየሦስት ወሩ ይታተምልን። ለዚህ አዲስ ጥናት ማስጠናት፣ ቆጣሪ ማሰማራት፣ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም። መረጃው እጃችሁ ላይ ነው። በየወሩ የምናመጣላችሁ እኛ ነን።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወር በመጣ ቁጥር የድርጅቶችን ፔሮል አዘጋጃለሁ፤ ከፔሮሉ ጋር የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማሳወቂያ ይሞላል። በጡረታው ቅጽ ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ መደበኛ ደመወዝ፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ተዘርዝሮ ይገባል። ከታች ድምሩ አለ። ከላይ የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር የንግድ ፈቃዱ ቢፈለግ ድርጅቱ ቢራ ጠማቂ ይሁን ልብስ ሰፊ፣ ሆቴል ይሁን ትራንስፖርት በኮድ ተለይቶ ይገኛል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 715/2003 ከወጣ ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ከተተካም በኋላ፣ ይህ ማሳወቂያ በየወሩ ሲገባ ኖሯል። ገንዘቡ ይሰበሰባል። ቁጥሩ ግን በዞንና በዘርፍ ተደምሮ ለሕዝብ ሲወጣ አላየሁም።

በምትኩ ሐምሌ በገባ ቁጥር የምንሰማው «በተጠናቀቀው በጀት ዓመት ለዚህን ያህል ዜጎች የሥራ ዕድል ተፈጠረ» የሚለውን ሪፖርት ነው። ቋሚና ጊዜያዊ ተብሎ ይከፈላል፤ ሴትና ወንድ ተብሎ ይከፈላል፤ ከዕቅዱ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። የጎደለው ሌላው ወገን ነው። በዚያው ዓመት ስንት ሰው ከሥራ ወጣ? አምና «ተፈጠረ» ከተባለው ውስጥ ስንቱ ዘንድሮም አለ? ገቢ ብቻ ተመዝግቦበት ወጪ ያልተመዘገበበትን የካዝና መዝገብ ይዤ ኦዲተር ፊት ብቀርብ አንድም ኦዲተር አይፈርምልኝም። በዞናችን የሥራ መዝገብ ላይ ግን በየዓመቱ የሚፈረመው እንዲህ ያለው ሒሳብ ነው።

ኮብልስቶን የተነጠፈበትን ጊዜ የማያስታውስ የከተማ ሰው የለም። ወጣቱ በማኅበር ተደራጅቶ ድንጋይ ጠረበ፣ አነጠፈ፤ መንደሮቻችን ከጭቃ ወጡ። እውነተኛ ሥራ ነበር፤ በዚያ ገንዘብ ትዳር የያዘ፣ ወንድምና እኅት ያስተማረ ብዙ ነው። የሚነጠፈው መንገድ ሲያንስ ሥራውም አነሰ። እነዚያ ጠራቢዎች ወደ ግንባታ ሄዱ? ባጃጅ ገዙ? ወደ አዲስ አበባ ወረዱ? ወይስ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ማኅበር ውስጥ ገብተው እንደ አዲስ ተቆጠሩ? አንድ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ «ሥራ ተፈጠረለት» ሊባል ይችላል። ይህን የምለው የወረዳ ባለሙያዎችን ለመውቀስ አይደለም። እነሱ የሚሞሉት የተሰጣቸውን ቅጽ ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ደግሞ የገባውን ብቻ ነው።

ስለ ዞናችን ኢንዱስትሪ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ምርቃት ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተተከለው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ደብረ ብርሃንን በመላ አገሪቱ አስጠርቷት ኖሯል። በ2007 ሐበሻ ቢራ ማምረት ጀመረ፤ በዚያው ሰሞን ዳሽን ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚሁ አቆመ። ቀጥሎ የኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፣ ከዚያም በግል ባለሀብት የተያዙ ብዙ ፋብሪካዎች። አረርቲ በበኩሏ በግንባታ ዕቃ ማምረቻዎቿ ታወቀች፤ በ2017 ደግሞ እንሳሮ ላይ ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ተመረቀ። ይህ ሁሉ ለዞናችን ትልቅ ነገር ነው፤ ደስም ይለኛል። ግን ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ስላለው ዘመን ምን እናውቃለን? የብርድ ልብስ ፋብሪካው በደህናው ዘመን ስንት ሠራተኛ ነበረው፣ ሲቀንስስ በየትኛው ዓመት ቀነሰ? አንድ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኛ ደመወዝ ከልብስ ሰፊዋ ደመወዝ ጋር ያለው ርቀት እየሰፋ ነው ወይስ እየጠበበ? የሲሚንቶው ቅጥር ከለሚና ከአካባቢዋ ገበሬ ልጆች ምን ያህሉን ወሰደ? እነዚህን ጥያቄዎች መምህር ይጠይቃቸዋል፣ የባንክ ብድር ሠራተኛ ይጠይቃቸዋል፣ ልጁን ቴክኒክና ሙያ የሚያስገባ አባት ይጠይቃቸዋል። ሁሉም የሚያገኘው መልስ በወሬ ላይ የቆመ ነው።

ወጣቶቻችን የሙያ መስክ የሚመርጡት በዚህ ወሬ ነው። አንድ ሰሞን ሁሉም ለልብስ ስፌት ይመዘገባል፣ አንድ ሰሞን ለኤሌክትሪክ፣ አንድ ሰሞን ለሒሳብ አያያዝ። ሠልጥኖ ሲወጣ ያ ዘርፍ ቅጥር ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ያገኘዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የቅጥሩ መቆም እኛ ፔሮል የምንሠራው ሰዎች ጠረጴዛ ላይ በዚያው ወር ይታያል። የሠራተኛው ዝርዝር ከገጽ ገጽ ሲያጥር እናያለን። የምናየው ግን እያንዳንዳችን የራሳችንን ድርጅት ብቻ ነው፤ ሙሉውን ማየት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

የስታቲስቲክስ አገልግሎት ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም። አገር አቀፍ የሰው ኃይል ጥናት በ1991፣ በ1997፣ በ2005 እና በ2013 ተካሂዷል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውና በኃይል የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ለብቻቸው ይጠናሉ። ግን በአንዱ የሰው ኃይል ጥናትና በሚቀጥለው መካከል ስድስትና ስምንት ዓመት አልፏል፤ ውጤቱም በዋናነት የሚነገረው በአገርና በክልል ደረጃ ነው። የሕዝብ ቆጠራውም የ1999 ነው። በዚያ ቆጠራ ዞናችን 1,837,490 ሰው ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 214,227፣ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ደግሞ 65,231። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከፈተች፣ ፋብሪካ አበዛች፣ ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንን በብዙ ሺህ ተቀበለች። በ1999 ልክ የተሰፋ ልብስ ዛሬም ለብሰን ዕቅድ እናቅዳለን።

ሌላው አገር ይህን እንዴት ይሠራዋል? አሜሪካን ብቻ ልጥቀስ፤ የእነሱ ዘዴ ከእኛ ወረቀት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ነው። በየግዛቱ ያለ አሠሪ ለሥራ አጥነት መድን ሲከፍል በየሩብ ዓመቱ የሠራተኛውን ብዛትና የከፈለውን ጠቅላላ ደመወዝ ለግዛቱ ያሳውቃል። ግዛቱ ያንን ሰብስቦ ለፌዴራሉ የሥራ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። ውጤቱ ከእኛ ወረዳና ዞን ጋር በሚቀራረብ የአስተዳደር እርከን፣ በዘርፍ ተለይቶ ይታተማል፤ ከአገሪቱ ሥራዎች ከ95 በመቶ በላዩን ይሸፍናል። ለዚህ ተብሎ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው የለም። ለመድን የተሰበሰበው ወረቀት ሁለተኛ ጥቅም ተሰጠው፣ ያ ብቻ ነው። የእኛ የጡረታ ማሳወቂያ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ ሳይሆን በየወሩ የሚገባ ነው።

ረጅም ቁጥር ምን እንደሚያሳይም ከዚያው አገር መማር ይቻላል። የአሜሪካ ፋብሪካዎች በ1979 እ.ኤ.አ. 19.5 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኛ ነበራቸው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 11.5 ሚሊዮን ገደማ ቀርቷቸዋል። በመካከሉ ከፍ ያለበትም ዝቅ ያለበትም ጊዜ ነበር፤ አንድን ዓመት ብቻ ያየ ሰው «ዘንድሮ ጥሩ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሠላሳውን ዓመት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ግን ሌላ ነገር ያነባል፦ የትኛው ከተማ ሥራ እንዳጣ፣ ሰዉ ወደ ሕክምናና ወደ አገልግሎት ዘርፍ እንዴት እንደተሻገረ፣ ደመወዙ አብሮት ተሻግሮ እንደሆነ ወይም ወደ ኋላ ቀርቶ እንደሆነ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ ወረቀቱን ስለማውቀው ጉድለቱንም አውቃለሁ። ጡረታ የሚቆረጠው ከመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው። ትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርትና የቤት አበል፣ ቦነስ እዚያ ላይ አይታይም። አንዳንድ አሠሪ ደግሞ መዋጮው እንዲቀልለት መደበኛውን ዝቅ፣ አበሉን ከፍ አድርጎ ይጽፋል፤ ይህ በሙያችን ውስጥ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ መሸፋፈን አያስፈልግም። ስለዚህ የጡረታው ቅጽ የሰውን ብዛት ለመቁጠር ይሻላል፤ የክፍያውን ልክ ለማወቅ ደግሞ በሠንጠረዥ ሀ የሚቀርበው የሥራ ግብር ማሳወቂያ አጠገቡ ይቀመጥ። ሁለቱ በአንድ መለያ ቁጥር ይገናኛሉ።

አማካይ ደመወዝ ብቻ እንዳታወጡም እለምናለሁ። ለምሳሌ አሥራ ሁለት ሠራተኛ ያለው ድርጅት እናስብ፦ አሥሩ በወር 3,000 ብር፣ አንዱ 20,000፣ ሥራ አስኪያጁ 40,000 ያገኛሉ እንበል። ተደምሮ ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 7,500 ይመጣል። ይህን የሚያህል ደመወዝ የሚከፈለው አንድም ሰው ግን በድርጅቱ ውስጥ የለም። ከታች ወደ ላይ ቢደረደሩ መሐል ላይ የቆመው የሚያገኘው 3,000 ነው። የመካከለኛው ሰው ደመወዝ አብሮ ይታተም፤ በሴትና በወንድም ይለይ። ስፌት መኪና ላይ የሚቀመጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የእነሱ ገቢ በሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ውስጥ እንዳይሰወር።

የዋጋ ንረቱስ? ደመወዙ ከ2,000 ወደ 3,000 ያደገለት ሰው በወረቀት ላይ 50 በመቶ ጨምሯል። በዚያው ጊዜ ዋጋ እጥፍ ከሆነ ግን 3,000ው የሚገዛለት ድሮ በ1,500 ይገዛ የነበረውን ነው፤ ሩቡን ተነጥቋል። በ2014 ብቻ የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የሆነውን ሁላችንም በየጓዳችን እናውቀዋለን። የክልሉ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ አስቀድሞም የሚታተም ነውና ደመወዙን በእሱ አካፍሎ ሁለተኛ ዓምድ ማስቀመጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ምሥጢር መጠበቅም አለበት። ደብረ ብርሃን ላይ «የቢራ ዘርፍ» ተብሎ ለብቻው ቢታተም አንዱ ፋብሪካ የራሱን ቀንሶ የሌላውን ደመወዝ ማወቅ ይችላል። እንሳሮ ላይ «ሲሚንቶ» ቢባል የአንድ ድርጅት ፔሮል በአደባባይ ወጣ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቢራው «ምግብና መጠጥ» ውስጥ፣ ሲሚንቶው ከሴራሚኩና ከብሎኬቱ ጋር «የግንባታ ዕቃ ማምረት» ውስጥ ይግባ። ያም ካልበቃ በዚያ መስመር ላይ ቁጥሩ ይቅር፤ አሜሪካኖቹም አሠሪው የሚታወቅበት ከሆነ አያትሙም።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን ሪጂኦ ፖሊታን ሆና ከዞኑ አስተዳደር ወጥታለች። የዞኑ ሪፖርት ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ ይጻፋል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን እሷን ይጨምር ነበር። ሁለቱን ሳያጣራ የሚቀጥል ሰው በሰሜን ሸዋ የፋብሪካ ሥራ በአንድ ጀምበር ጠፋ ብሎ ሊደመድም ነው። ስለዚህ ከተማዋ ለብቻ፣ የቀረው ዞን ለብቻ፣ ሁለቱም በአንድነት፣ በሦስት መስመር ከ2004 ጀምሮ ይቀመጡ።

ወደ ኋላ መመለሱን አጥብቄ የምጠይቅበት ምክንያት ያለፉት ዓመታት ናቸው። አጣዬ በ2013 ስትቃጠል ሱቅ፣ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ ጋራዥ ተቃጠለ። ባለቤቶቹ የንብረታቸውን ግምት ለኮሚቴ አስመዘገቡ፤ እዚያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው አስተናጋጅ፣ ወፍጮ አስፈጪ፣ ረዳት መካኒክ ግን የሚያስመዘግበው ንብረት አልነበረውም። የጠፋበት ደመወዙ ነበር። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሶ ወጣ። በታኅሣሥ 2014 አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ሸቀጥን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ታገደች፤ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ድርጅቶችን የሚነካ ውሳኔ ነበር። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ክልላችን በሌላ ግጭት ውስጥ ነው፤ መንገድ ይዘጋል፣ ጥሬ ዕቃ ይቆማል። እነዚህ አራት ድንጋጤዎች እያንዳንዳቸው ስንት ሥራ እንደበሉ፣ ከየትኛው ቶሎ እንዳገገምን፣ ከየትኛው ገና እንዳልተነሣን ለይቶ የሚናገር ሰው አላገኘሁም። የወር ማሳወቂያው ግን ይናገራል። የተዘጋው ድርጅት ስሙ ከዝርዝሩ ይጎድላል፤ የተመለሰው በተመለሰበት ወር ይታያል። መልሶ ግንባታ የሚታቀደው ለማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የጡረታ መዝገብ የማይነካው ሰፊ ሕዝብ አለ፤ እሱ እንዳይረሳ። ከሰሜን ሸዋ ሰው አብዛኛው ገበሬ ነው። የጅሩ ሰንጋ አድላቢ፣ የምንጃር ጤፍ አምራች፣ የቀወት ማሾና ሽንኩርት ዘሪ፣ የመንዝ በግ አርቢና ባና ሠሪ ፔሮል ላይ የሉም። ከደጋው ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደው ልጅ፣ ግንባታ ላይ በቀን የሚከፈለው፣ ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጠው እናትም የሉም። ለእነሱ የምጠይቀው መጠነኛ ነገር ነው፦ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የችርቻሮ ዋጋ ለመሰብሰብ ገበያ ሲወጡ የቀን ሠራተኛ ዋጋም ይመዝግቡ። አረርቲ፣ እነዋሪ፣ ሸዋ ሮቢትና መሐል ሜዳ ላይ፤ ምሳ ያለበትና ምሳ የሌለበት ተለይቶ፣ በአጨዳና ከአጨዳ ውጭ ተለይቶ። የቀን ክፍያ ከጤፍ ኪሎ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የዞናችንን የድህነት መጠን ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይልቅ ይገልጣል።

ስለ መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሁሉም ሰው መናገር ይችላል፤ እስኬሉ በአደባባይ ስለሚወጣ። ዝቅተኛው መነሻ ለዓመታት 1,100 ብር ሆኖ ቆይቶ በ2017 ወደ 4,760፣ በ2018 ወደ 6,000 ከፍ እንዳለ ይታወቃል። በቂ ነው አይደለም ብሎ መከራከር የሚቻለው ቁጥሩ ስላለ ነው። ለግሉ ዘርፍ ግን በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ዓመታት አልፈዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ያ ቦርድ ሲቀመጥ የሚያጠናው ምንን ነው? አሠሪው «አቅም የለኝም» ይላል፤ ሠራተኛው «አልበቃኝም» ይላል። በየዘርፉ፣ በየአካባቢው በትክክል የሚከፈለው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ከሌለ የሚያሸንፈው ድምፁ ከፍ ያለው ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ ከፍ ብሎ አያውቅም።

ስለዚህ ሥራው በመካከላችሁ እንዲህ እንዲከፈል እጠይቃለሁ። የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ከገቢ ሰብሳቢዎች የሚደርሰውን ማሳወቂያ የሠራተኛውን ስም አውጥቶ፣ የድርጅቱን መለያና የዘርፍ ኮድ ብቻ ይዞ ለስታቲስቲክስ አገልግሎት ያስተላልፍ። አገልግሎቱ ይደምር፣ ያጣራ፣ የዋጋውን መለኪያ ያካፍልበት። የክልሉ ቢሮ ደግሞ በየዓመቱ «ተፈጠረ» ብሎ ከሚያወጣው ቁጥር አጠገብ ይህንን ያስቀምጥ፤ በአማርኛ፣ በእኛው የዘመን አቆጣጠር፣ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ አንድ ገጽ። የመጀመሪያው ዕትም ጉድለት ይኖረዋል። አንዳንድ ድርጅት ኮዱ የተሳሳተ ይሆናል፤ ሆቴል ሆኖ በአስመጪነት የተመዘገበ፣ ፋብሪካው እዚህ ሆኖ የዋና መሥሪያ ቤቱ ፔሮል አዲስ አበባ የሚገባ ይኖራል። የኋለኛው ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛው ደብረ ብርሃን እየኖረ በአዲስ አበባ ተቆጥሮ ሊቀር ይችላልና ማሳወቂያው ላይ «የሥራ ቦታ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመርበት። እኛ እንሞላዋለን። በየድርጅቱ ያለን የሒሳብ ባለሙያዎች የትኛው ኮድ ስህተት እንደሆነ፣ የትኛው ቅርንጫፍ የት እንደሚገኝ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ብትጠሩን መጥተን እናርማለን። ለመጀመር የ2017 በጀት ዓመት አራቱ ሩብ ዓመታት ይበቃሉ። ወደ ኋላ ያለውን ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሒሳብ ባለሙያ
ደብረ ብርሃን፣ 2018 ዓ.ም.